ጆሴፍ ጎልድበርገር

ጆሴፍ ጎልድበርገር (1874 – 1929 እ.ኤ.አ.) ፔላግራ የተባለው በሽታ ተላላፊ ሳይሆን ከምግብ ጉድለት የሚመጣ መሆኑን ያረጋገጡ አሜሪካዊ ሐኪም ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሕይወት ታሪክ

ጎልድበርገር የተወለዱት በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት፣ ዛሬ በስሎቫኪያ ውስጥ በምትገኝ መንደር፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። በ1883 ቤተሰባቸው ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ፤ በዚያም ወላጆቻቸው አነስተኛ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ከፈቱ። ጎልድበርገር መጀመሪያ ምህንድስና ጀምረው ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ሕክምና ተዛውረው በ1895 ተመረቁ። በ1899 ወደ መንግሥት የጤና አገልግሎት ገቡ። ወረርሽኝ ወዳለበት ቦታ እየተላኩ ሲሠሩ እርሳቸውም በቢጫ ወባ፣ በዴንጊና በታይፈስ ተይዘው ድነዋል።

የፔላግራ ምርመራ

ፔላግራ ፀሐይ የሚያገኘውን ቆዳ ያቆስላል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ አእምሮን ያውካል፤ ካልታከመም ይገድላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡባዊ አሜሪካ በስፋት ሲታይ ብዙ ሐኪሞች ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ሕሙማኑ ይፈሩና ይገለሉ ነበር።

በ1914 ጎልድበርገር ምርመራውን እንዲመሩ ተመደቡ። በአእምሮ ሕሙማን መታከሚያዎችና በሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ሲዘዋወሩ በሽታው ነዋሪዎቹን እንጂ አብረዋቸው የሚውሉትን ሠራተኞች እንደማይዝ አስተዋሉ። ልዩነቱን ያገኙት በገበታው ላይ ነበር። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው የሚመገቡት በቆሎና ሽሮፕ የመሰለ ነገር ሲሆን ሠራተኞቹ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያገኙ ነበር። በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር በጃክሰን ከተማ ለሚገኙ የሙት ልጆች ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ጥራጥሬ እንዲጨመርላቸው ሲደረግ በሽታው ጠፋ።

ሙከራዎች

በ1915 በሚሲሲፒ በሚገኝ የእስር ቤት እርሻ ጤነኛ እስረኞች ምሕረት እንደሚደረግላቸው ቃል ተገብቶላቸው በበቆሎ ላይ የተመሠረተ ምግብ ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። በወራት ውስጥ ከ11ዱ 6ቱ ፔላግራ ያዛቸው። ተቃዋሚዎች ግን ይህን አልተቀበሉም። ስለዚህ በ1916 ጎልድበርገር፣ ባለቤታቸው ሜሪና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች የሕሙማኑን ደም በመርፌ ወሰዱ። አንዳንዶቹም የሕሙማኑን የቆዳ ቅርፊትና ዓይነ ምድር ከሊጥ ጋር አድቦልቡለው ዋጡ። አንዳቸውም በፔላግራ አልታመሙም።

ድህነትና በሽታ

ጎልድበርገር ከኢኮኖሚ ባለሙያው ኤድጋር ሳይደንስትሪከር ጋር በደቡብ ካሮላይና የጥጥ ፋብሪካ መንደሮችን አጠኑ። የቤተሰቡ ገቢ ባነሰ ቁጥር በሽታው ይበዛ ነበር፤ መሬቱ በጥጥ ስለተያዘም ላም ለማርባትና አትክልት ለመትከል ቦታ ጠፍቶ ነበር። በሽታው ከድህነት ጋር መያያዙ መነገሩ ግን የደቡብ ፖለቲከኞችን አስቆጣ።

ሥጋና ወተት መግዛት ለማይችሉ ሰዎች ርካሽ መፍትሔ የሆነው የቢራ እርሾ ነበር። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕዝብ ሲያፈናቅል ቀይ መስቀል እርሾውን አከፋፍሏል።

ሞትና ውርስ

ጎልድበርገር የጎደለው ንጥረ ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቁ በ1929 በኩላሊት ካንሰር ሞቱ። በ1937 ኮንራድ ኤልቬየም ንጥረ ነገሩ ኒያሲን (ቫይታሚን ቢ3) መሆኑን አሳየ። በቆሎ ኒያሲን ቢኖረውም ሰውነት በቀላሉ ሊወስደው በማይችል መልክ የታሰረ ነው። በቆሎን በኖራ ውኃ ቀቅለው የሚፈጩት የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ከፔላግራ የተጠበቁትም ኖራው ይህን ስለሚፈታው ነው። በ1940ዎቹ በአሜሪካ ዱቄት በኒያሲን መበልጸግ ከጀመረ በኋላ በሽታው በዚያች አገር ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።