ሐኪሞች ሳይነገራቸው ያወቁት የዋና ዳኛው ሕመም

እኛ ዘንድ፣ አዊ ውስጥ፣ እንቅርት ብርቅ አይደለም። በገበያ ቀን ዳንግላ ብትወጡ አንገታቸው ያበጠ እናቶች አታጡም። የአያቶቻችን የአንገት ንቅሳት ራሱ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ነበር። ስለዚህ የአንገት ዕጢ ሲባል ካንሰር አይታየንም። ልክም ነን፣ አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም። ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ግን ከዚያው ዕጢ በተነሳ ካንሰር የሞቱ ናቸው።

ዊልያም ሬንክዊስት እ.ኤ.አ. በ1924 ሚልዋኪ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ጠባይ መዝጋቢ ወታደር ሆነው ሰሜን አፍሪካ ድረስ ሄደዋል። ከስታንፎርድ በሕግ ተመርቀው በ1952 የዳኛ ሮበርት ጃክሰን ረዳት ሳሉ፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለያየትን የሚደግፍ ማስታወሻ ጻፉ። በኋላ ሲጠየቁ የአለቃቸውን ሐሳብ እንደጻፉ ተናገሩ። ብዙ ሰው አላመናቸውም፣ እኔም ይከብደኛል። በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በ1986 ዋና ዳኛ ሆኑ። በ1999 የፕሬዚዳንት ክሊንተንን የሴኔት ችሎት መሩ። የቡሽና የጎርን የምርጫ ክርክር የቋጨውም እሳቸው የሚመሩት ፍርድ ቤት ነው። አንድ ኦፔራ ላይ ያዩትን ወደው ጥቁር ካባቸው እጅጌ ላይ አራት አራት የወርቅ መስመር አሰፍተው ነበር። ውርርድም ይወዳሉ፤ ደጅ ላይ ስንት በረዶ ይጥላል ብለው ሳይቀር በትንሽ ገንዘብ ይወራረዱ ነበር። ባለቤታቸው ናታሊ በ1991 በእንቁልጢ ካንሰር ሞተዋል።

ኦክቶበር 2004 ላይ፣ 80 ዓመት በሞላቸው ወር፣ ቤተዝዳ በሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ውስጥ አንገታቸው ተከፍቶ የመተንፈሻ ቱቦ ገባላቸው። ፍርድ ቤቱ የታይሮይድ ካንሰር ነው አለ፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን አልተናገረም። በሳምንቱ ሥራ ይገባሉ ተባለ፣ ቀሩ። በምትኩ ጨረርና ኬሞቴራፒ አብረው እየወሰዱ መሆኑ ተነገረ።

የተነቃው እዚህ ላይ ነው። ኢኮኖሚክስ ስንማር የሰውን ፍላጎት ከሚናገረው ይልቅ ከሚገዛው ታውቁታላችሁ እንባል ነበር። ሐኪሞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የተለመደው የታይሮይድ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የተረፈ ካለ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ይሰጣል። የዕጢው ሴሎች አዮዲን ስለሚስቡ መርዛቸውን ራሳቸው ይውጡታል። አብዛኛው ታማሚ ይድናል። አናፕላስቲክ የሚባለው ዓይነት ግን አዮዲን መሳብ ያቆመ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ አድጎ የአየር ቧንቧን ያንቃል። ለዚህ ጨረሩ ከውጭ ነው የሚሰጠው። አብሮ የሚሰጠው ኬሞ ሴሎቹን ለጨረሩ ያዳክማቸዋል፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ያመለጡትንም ያሳድዳል። ይህ ዓይነቱ ከ100 የታይሮይድ ካንሰሮች ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ግማሽ ያህሉ ታማሚ ግን ከስድስት ወር ብዙም አያልፍም። ሐኪሞች ሕክምናውን ሰምተው የገመቱት ይህንን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረ እንቅርት በሳምንታት ውስጥ በድንገት ካደገ፣ ድምፅ ከሻከረ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ለነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

ያኔ እኛ 1997 ላይ ነበርን። በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ያለው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጨረር ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት ነው። ከእንጅባራ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚሄድ ገበሬ ሕክምናው በነፃ ቢሆን እንኳ የቤት ኪራይ አለ፣ የአስታማሚ ቀለብ አለ፣ ሳይታረስ የሚያድር መሬት አለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ወረፋውን ገና አልቆጠርኩም። ስድስት ወር ለሚሰጥ በሽታ ወረፋ ራሱ ፍርድ ነው።

ሬንክዊስት ጃንዋሪ 20 ቀን 2005 ቱቦው አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ በከዘራ ተደግፈው ወጥተው ቡሽን ቃለ መሐላ አስፈጸሙ። ማርች ላይ ችሎት ተመለሱ። ጁላይ ላይ ጡረታ ሊወጡ ነው የሚለው ወሬ ሲበዛ፣ ጤናቸው እስከፈቀደ እንደሚቀጥሉ አስታወቁ። ግትርነት ያሉት ነበሩ፤ እኔ ግን ሥራው ራሱ አቁሟቸው ይሆናል ባይ ነኝ። ነሐሴ 28 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ሕመማቸው ከታወቀ ከ10 ወር ትንሽ በላይ ቆይተው፣ አርሊንግተን በሚገኘው ቤታቸው ሞቱ። ከናታሊ አጠገብ ተቀበሩ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ የቀድሞ ረዳታቸው ጆን ሮበርትስ ነበሩ፤ ወንበራቸውን የተረከቡትም እሳቸው ናቸው።