ፍሪድሊብ ሩንጌ፤ የቡና ፍሬና የቀለም ቀለበት

በመቱና በጎሬ፣ በበደሌና በያዩ ያደግን ልጆች ቡናን የምናውቀው በመዓዛውና በጣዕሙ ነው። በውስጡ ያለውን ካፌይን መጀመሪያ ለይቶ ስላወጣው ሰው ጥቂት ብንጽፍ አንባቢ አይሰለችብንም ብለን እናስባለን።

ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንጌ በሃምቡርግ አጠገብ ከአንድ ቄስ ቤት በ1794 ዓ.ም. ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ በመድኃኒት ቤት ሲሠራ ቤላዶና የሚባለው ተክል ጭማቂ ዓይኑ ውስጥ ተፈናጥቆ ብሌኑን አሰፋው፤ እርሱ ግን ከመደንገጥ ይልቅ ነገሩን ይመረምር ጀመር። በ1819 ዓ.ም. በየና ከተማ ይህንኑ በድመት ዓይን ላይ ለታላቁ ባለቅኔ ለጎተ አሳየው። ጎተም ተደንቆ፣ እንዲመረምረው አደራ ብሎ አንድ ሣጥን የቡና ፍሬ ሰጠው። ሩንጌም ብዙ ሳይቆይ ካፌይንን አገኘ። ያን ጊዜ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ እኛን በጥቂት ዓመት ቢበልጠን ነው።

ከዚያ በብሬስላው ፕሮፌሰር ሆነ፤ ኋላም በኦራኒየንቡርግ የኬሚካል ፋብሪካ ገባ። በ1834 ዓ.ም. ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ውስጥ አኒሊንን አገኘ፤ ነገር ግን ከዚህ ቀለም እንሥራ ብሎ ቢያሳስብ የሚሰማው አላገኘም።

በስተርጅናው ሌላ ነገር ያዘው። ፈሳሽ በሚመጥ ወረቀት ላይ የብረትና የመዳብ ጨዎችን የያዘ ውሃ ጠብ ሲያደርግ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ፍጥነት እየተስፋፋ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ቀለበት ይሠራል። በ1855 ዓ.ም. እነዚህን ሥዕሎች በመጽሐፍ አወጣቸው፤ ሥዕሉንም የሚሥለው በነገሮች ውስጥ ያደረ አንድ ኃይል ነው አለ። በእኛ አስተያየት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውበቱን እያየ ቀለበቶቹ ምን ያህል እንደተራራቁና ወርዳቸው ስንት እንደሆነ ሳይለካ ቀረ። ከፋብሪካው በ1852 ዓ.ም. ተሰናብቶ ነበር፤ በ1867 ዓ.ም. በድህነት ሞተ።

ክሮማቶግራፊ የሚለውን ስም በ1906 ዓ.ም. ያወጣው የቅጠልን ቀለም በኖራ ድንጋይ ዱቄት ውስጥ አሳልፎ የለየው ሩሲያዊው ጽቬት ነው። ማርቲንና ሲንጅ ደግሞ በ1941 ዓ.ም. ስሌቱን አበጁለት፤ በ1952 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የሲራራ ቅፍለቶች ከመቱ አብረው ተነሥተው ወደ ጎሬ ይሄዳሉ እንበል። አንዱ ቢፈጥንም፣ በቅሎዎቹ መንገድ ላይ ከተዝረከረኩ የፊተኛው ጭራ ከኋለኛው ራስ ጋራ ይደባለቃል። ስለዚህ ርቀቱ ብቻ አይበቃም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለአማካይ ስፋታቸው ይካፈላል። ውጤቱ 1 ከሆነ ጥቂት መደባለቅ አለ፤ 1.5 ሲደርስ ፈጽመው ተለያዩ ይባላል።

ይህ ቁጥር ለአገራችን ቡና ተራ ነገር አይደለም። ካፌይንና ቴዎብሮሚን በአንዲት ትንሽ የአቶም ጭፍራ ብቻ የሚለያዩ ወንድማማቾች ናቸው፤ በደንብ ካልተለዩ አንዱ በሌላው ስም ይቆጠራል። በ2004 ዓ.ም. የብራዚል ተመራማሪዎች ካፌይን የሌላቸው ያህል የሆኑ 3 የቡና ዛፎች ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ፣ በካፌይን ፈንታ በፍሬው የተከማቸው ይኸው ቴዎብሮሚን ነበር። የዛፎቹ ዘር የተወሰደው ከኢትዮጵያ ነው።