ሄንሪ ሶልትና የአክሱም ሐውልት ሥዕል

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የቤት ሥራችንን ጨርሰን የውሃ ቀለም የምንማር የማኅበሩ አባላት አሥራ አንድ ነን። የቀለም ሣጥኖቹን ያገኘነው ከደጋፊዎቻችን ነው። ከለቡ መብራት ኃይል ወጣ እንልና ፊታችንን ወደ ፉሪ ተራራ አዙረን በእርሳስ እንነድፋለን። ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ማኅበሩ ክፍል ተመልሰን ቀለሙን እዚያ እንጨርሳለን። ባለፈው ኅዳር አንዷ እኅታችን ንድፏን ለሁለት ቀደደችና ለዚህ ሙያ እንዳልተፈጠረች ነገረችን። የሄንሪ ሶልትን ሕይወት እንድንጽፍ ያነሳሳን ይኸው ነው፤ እሱም በተማረው ሙያ ስም ለማውጣት ያልቀናው ሰው ነበርና።

ሶልት እ.ኤ.አ. በ1780 በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። ሥዕል መማር የጀመረው እዚያው ከተማ ከጆን ግላቨር ዘንድ ሲሆን በኋላም ለንደን ሄዶ ከጆሴፍ ፋሪንግተን ተማረ። ሁለቱም የታወቁ የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ደህና ገንዘብ የሚያስገኘው የባለጸጎችን መልክ መሣል ስለነበር ሶልትም የመልክ ሠዓሊ ለመሆን ከጆን ሆፕነር ዘንድ ገባ። አልሆነለትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው በእጁ የቀረው መልክዓ ምድር መንደፍ ብቻ ነበር።

የዚያ ዘመን የውሃ ቀለም አሠራር ከእኛ ብዙም አይለይም። ሠዓሊው ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ በእርሳስ ይነድፋል፤ ጥላው የት እንደወደቀ በስሱ ያመለክታል፤ የቀረውን ቤቱ ገብቶ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ቀላሉ ቀለም፣ ከደረቀ በኋላ ደማቁ ይደረባል። ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ሳይነካ ይተዋል፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነውና። (እኛን እስካሁን ያስቸገረን ይህ መተው ነው። እጃችን ባዶ ቦታ ሲያይ አያስችለውም።) ቀለሙም እንደ ሳሙና ቁራጭ ደርቆ፣ በእርጥብ ብሩሽ ሲነካ የሚሟሟ ሆኖ መሠራት የጀመረው ሶልት በተወለደበት ዘመን አካባቢ ነው። ሠዓሊው ቀለሙን በትንሽ ሣጥን ይዞ ሩቅ አገር መሄድ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሶልትም ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1802 ቫይካውንት ቫለንሺያ የተባለ መኳንንት ጸሐፊውና ሠዓሊው አድርጎ ወሰደው። ሕንድንና ሲሎንን አይተው ወደ ቀይ ባሕር መጡ። በ1805 ሶልት ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ትግራይ ወጣና የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ተቀበሉት። በዚያው ጉዞ አክሱምን አየ።

ፎቶግራፍ ገና አልተፈለሰፈም። ከትልልቆቹ ሐውልቶች ያልወደቀው አንዱ ብቻ ነበር፤ ቁመቱ ሃያ አንድ ሜትር ያህል ነው። ሶልት ከፊቱ ሆኖ ነደፈው። ሥዕሉን ስናየው ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ከሐውልቱ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ዛፍ ነው። ከሥር የሚታዩት ሰዎች እጅግ ትንንሽ ናቸው፤ የድንጋዩ ግዙፍነት የታወቀን ከእነሱ ነው። ሶልት በግሪክ ፊደል የተጻፈውን የንጉሥ ዒዛናን የድንጋይ ጽሑፍም ገልብጧል። በሁለተኛው ጉዞው ደግሞ ተመልሶ አይቶ አረመው። ይህን ስናነብ ተያይተን ሳቅን፤ እኛ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መንደፍ የሚያሳፍር ይመስለን ነበር።

አገሩ ገብቶ ሥዕሎቹን አሰናዳ። በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው፣ በ1809 ሃያ አራት ሥዕሎች ያሉት ትልቅ መድበል ሆነው ታተሙ። በዚያው ዓመት መንግሥቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤና ስጦታ አስይዞ እንደገና ላከው። የጎንደር መንገድ በጦርነት ምክንያት ስላልተከፈተ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ አልፎ መሄድ አልቻለም። የጉዞ መጽሐፉን በ1814 አሳተመ።

የቀረው ሕይወቱ ቅር ያሰኘናል። ከ1816 ጀምሮ በግብፅ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሐውልትና የመቃብር ዕቃ በብዛት አስለቀመ፤ ለለንደንና ለፓሪስ ቤተ መዘክሮችም ሸጠ። በዋጋው ተከራክሮ ተበሳጭቷል፤ እኛ ግን አላዘንንለትም። ከ1937 ጀምሮ ሮም ቆሞ የኖረውን፣ በ2005 የተመለሰልንን የአክሱም ሐውልት እናስታውሳለን። ሶልት ራሱ ያን ጊዜ አክሱም ላይ ከሐውልቱ የወሰደው መልኩን ብቻ ነበር። በ1827 እስክንድርያ አጠገብ ባለ መንደር በአርባ ሰባት ዓመቱ ሞተ።

እኅታችን ተመልሳ መጥታለች። የቀደደችውን ወረቀት በማጣበቂያ ይዘን ክፍላችን ውስጥ ሰቅለነዋል። ተራራው ወደ ግራ ተንጋዶ ሰማዩም ቀለም በዝቶበታል። ከሥር የሣለችው የጤፍ ማሳ ግን፣ ባለፈው ቅዳሜ ስንሄድ፣ ተቆፍሮ የሕንፃ መሠረት ብረት ቆሞበት አገኘነው።