አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፤ ወደ ተማረኩባት አገር በፈቃዳቸው የተመለሱ አባት

ሃይማኖት በገንዘብ የማይገዛ፣ በጉልበት የማይወሰድ፣ ከእግዚአብሔር በነጻ የሚሰጥ ሀብት ነው። ስጦታው ከሰማይ ቢሆንም የሚደርሰን ግን በሰው እጅ ነው። ለኢትዮጵያ ጵጵስናንና ክህነትን ያደረሰው እጅ አስቀድሞ የምርኮኛ ብላቴና እጅ ነበር። በትንሣኤው ብርሃን ደስ እያለን የቤተ ክርስቲያናችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር፣ የዚህን አባት ሕይወት ማስታወስ ተገቢ ነው።

ፍሬምናጦስ የተወለደው ዛሬ ሊባኖስ በምትባለው አገር በምትገኘው በጢሮስ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየት ሲነሣ፣ ዘመዶቹ የሆኑትን ሁለት ልጆች ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ በመርከብ ሄደ። ኤዴስዮስ በአገራችን ትውፊት ሲድራኮስ ይባላል። በመልስ ጉዟቸው ውኃና ስንቅ አልቆባቸው ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተጠጉ። በዚያ ወራት የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ስለ ልጅነታቸው ታዝኖላቸው ከሞት ተረፉ፤ ወደ አክሱም ንጉሥም ተወሰዱ።

ንጉሡ ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊ አደረገው። በፍሬምናጦስ ዘንድ ግን ጥበብንና ታማኝነትን ስላየ በጅሮንድና ጸሐፊ አድርጎ ሾመው። የሞቱ ጊዜ ሲቀርብ ለሁለቱም ነጻነታቸውን ሰጣቸው። ልጇ ገና ሕፃን የነበረው ንግሥት ግን ብላቴናው እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቆዩ።

ፍሬምናጦስ በእጁ የገባውን ሥልጣን ለራሱ ክብር አላዋለውም። ለንግድ ከሮም ግዛት የመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ አገኛቸው፤ ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ አበረታታቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም ሰጣቸው። የእነዚህ ነጋድያን ጉባኤ ከአገሩ ርቆ በሰው አገር የሚጸልይ ጉባኤ ነበር፤ እንደ እኛው ማለት ነው። የእግዚአብሔር ቃል ግን ከዚያ በፊትም ወደ ኢትዮጵያ መድረሱን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ በፊልጶስ እጅ የተጠመቀው ጃንደረባ ምስክር ነው። ሆኖም ካህናትን የሚሾም፣ በሥጋውና በደሙ ማዕድ ሕዝቡን የሚሰበስብ ጳጳስ አልነበረም።

ልዑሉ ባደገ ጊዜ ሁለቱ ወጣቶች መንግሥቱን አስረክበው፣ ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀሩ ቢለምኗቸውም ተሰናብተው ወጡ። ኤዴስዮስ ወላጆቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ፈጠነ፤ በዚያም በክህነት አገለገለ። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ይህን ታሪክ የሰማው ከእርሱ ከራሱ አፍ ነው። ፍሬምናጦስም ወደ ወላጆቹ ቤት ቢሄድ የሚወቅሰው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ወደ እስክንድርያ አቀና። በዚያ ቅዱስ አትናቴዎስ በ328 እ.ኤ.አ. በመንበረ ማርቆስ ተቀምጦ ነበር። ፍሬምናጦስ በአክሱም የተሰበሰቡትን ምእመናን ነገር ነግሮ ጳጳስ እንዲላክላቸው ለመነ። ቅዱስ አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር መክሮ ለዚህ አገልግሎት ከራሱ ከለማኙ የሚሻል እንደሌለ አየ፤ ሾሞም ላከው። ሌላ ሰው እንዲሰጥ ሊለምን የመጣው እርሱ ራሱ ስጦታ ሆኖ ተመለሰ።

የተመለሱባትን ምድር እናስብ። ዘመዳቸውና የመንገድ ጓደኞቻቸው የተገደሉት፣ እርሳቸውም በልጅነታቸው የተማረኩት ወደዚያው ነው። በቀልን የሚያስብ ልብ ቢኖራቸው መንገዱን በረሱት ነበር። የትንሣኤው ኃይል በሰው ሕይወት እንዲህ ይታያል። ጌታችን ከሙታን በተነሣ ጊዜ ጥለውት ወደ ሸሹት ደቀ መዛሙርት የገባው ሊወቅሳቸው ሳይሆን ሰላሙን ሊሰጣቸው ነው፤ ለካደው ለጴጥሮስም የእረኝነቱን አደራ መለሰለት። አባታችንም ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ ሳይጠይቁ ከሁሉ የሚበልጠውን ሀብት ይዘው መጡ። ሕዝቡም የሰላም አባት ሲል አባ ሰላማ፣ ብርሃንን ስለ ገለጡለት ከሣቴ ብርሃን ብሎ ጠራቸው።

አባ ሰላማ ካህናትንና ዲያቆናትን ሾሙ፤ አብያተ ክርስቲያናትን መሠረቱ። ትውፊታችን አብርሃና አጽብሃ ብሎ በሚያከብራቸው ነገሥታት ዘመን ክርስትና የመንግሥቱ ሃይማኖት ሆነ። የንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ለዚህ ምስክር ነው፤ ቀድሞ የጨረቃ ምልክት ይቀረጽበት የነበረው ሳንቲም ኋላ መስቀል ተቀረጸበት።

ስጦታን መቀበል ብቻ ሳይሆን መጠበቅም ያስፈልጋል። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቈንስጣንዮስ 2ኛ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሰው በአርዮሳዊው ጳጳስ እንዲመረመሩ ጠየቀ። ቅዱስ አትናቴዎስ ከመንበሩ ተሳድዶ ነበር፤ በዘመኑ ሁሉ 5 ጊዜ ተሰዷል። ነገሩ የሹመት ክርክር ብቻ አልነበረም። ወልድ ፍጡር ቢሆን ኖሮ በትንሣኤው የተቀበልነው ሕይወት የአምላክ ሕይወት ባልሆነ ነበር፤ ስጦታውም ባዶ በሆነ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን የኒቅያን ሃይማኖት አጽንታ እስከ ዛሬ ይዛለች። ፋሲካን የምናገኝበት ባሕረ ሐሳብም በ12ኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ በቅዱስ ድሜጥሮስ ስም ስለሚጠራ፣ በየዓመቱ የትንሣኤን ቀን ስናውጅ ያንኑ አንድነት እንመሰክራለን።

አባታችን በዓለ ዕረፍታቸው ሐምሌ 26 ቀን ይከበራል። ሕይወታቸው በስደት አገር ላለን ምእመናን ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛው፣ በሰው አገር የሚሰበሰብ ትንሽ ጉባኤ ከንቱ አለመሆኑ ነው፤ በአክሱም የነጋድያኑ ጸሎት ቤት ለታላቅ መከር የተዘራ ዘር ነበር። ሁለተኛው፣ የተሰጠን ሃይማኖት ለእኛ ብቻ የተሰጠ አለመሆኑ ነው። በትንሣኤ ሌሊት አንዱ ጧፍ ከሌላው ሲለኰስ የፊተኛው ብርሃን አይጐድልም። በዚህ አገር ለተወለዱ ልጆቻችን፣ በዙሪያችን ላሉ ጎረቤቶቻችን፣ ቂም ለያዝንባቸውም ሰዎች ሰላሙን ማድረስ የተቀበልነው አደራ ነው። ይህችን ቤተ ክርስቲያን በጸሎትና በላብ ያቆሙልን አባቶችና እናቶችም ይህንኑ ጧፍ ነው ያቀበሉን።

የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በረከታቸው በሁላችን ላይ ትደር። አሜን።