ፊሊክስ ሆፍማን እና አስፕሪን የሚለው ስም

ፊሊክስ ሆፍማን አስፕሪን የተባለውን የህመም ማስታገሻ በንጹሕ መልኩ ያዘጋጀ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በሉድቪግስቡርግ ከተማ ተወለደ። በመድኃኒት ቤቶች ከሠራ በኋላ በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በ1894 በባየር ኩባንያ ተቀጠረ።

የመድኃኒቱ ሥራ

በዚያ ዘመን ለቁርጥማት ይሰጥ የነበረው ሳሊሲሊክ አሲድ ህመምን ቢያስታግስም ጨጓራን ክፉኛ ያቃጥል ነበር። የሆፍማን አባትም በቁርጥማት ይሠቃዩ ስለነበር ልጃቸው የተሻለ መድኃኒት መፈለግ ጀመረ ተብሎ ይነገራል። ሆፍማን ነሐሴ 1897 ላይ አሴቲል የተባለውን የአቶሞች ቡድን ከሳሊሲሊክ አሲድ ጋር አዋህዶ አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድን ሠራ። ፈረንሳዊው ሻርል ጌርሃርት በ1853 ሠርቶት የነበረው ንጹሕ አልነበረም። ሆፍማን በዚያው ወር በተመሳሳይ ዘዴ ከሞርፊን ሄሮይንን አዘጋጅቷል።

የስሙ ትርጉም

ባየር አስፕሪን የሚለውን የንግድ ስም በ1899 አስመዘገበ። የመጀመሪያው ፊደል ከአሴቲል፣ መካከሉ ሳሊሲሊክ አሲድ ከሚገኝበት ስፒሬያ ከተባለ ተክል የመጣ ነው። ኢን የሚለው መጨረሻ በመድኃኒት ስሞች የተለመደ ነው።

የክብሩ ክርክር

ሆፍማን በ1928 ጡረታ ወጣ፤ በ1946 በስዊዘርላንድ ሞተ። አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። በ1949 የሥራ ባልደረባው አርተር አይሸንግሩን ሥራውን የመራሁት እኔ ነኝ የሚል ጽሑፍ አወጣ። አይሸንግሩን አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች አስረውት ነበር። ጉዳዩ ዛሬም ያከራክራል።

ስሙን ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

አስፕሪን የሚለው ስም በአሜሪካ ማንኛውም አምራች የሚጠቀምበት ሲሆን፣ በጀርመንና በካናዳ ግን እስካሁን የባየር ንብረት ነው። ስለዚህ ያው መድኃኒት በአንዱ ማሸጊያ ላይ አስፕሪን፣ በሌላው አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ተቀላቅሎ ይገኛል። ሁለቱን ደርበው ከወሰዱ መጠኑ ይበዛል፤ ጨጓራንም ሊያደማ ይችላል።

የጨጓራ ቁስለት ካለብዎት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስፕሪን ከመውሰድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ለያዛቸው ልጆችና ወጣቶች አይስጡ፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የተባለ ብርቅ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ለልብ ሕመም በየቀኑ እንዲወስዱ ከታዘዘልዎት ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።