ዳኛ ዌይቲስ ዌሪንግ

ጁሊየስ ዌይቲስ ዌሪንግ በ1880 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና ግዛት በምትገኘው በቻርለስተን ከተማ ተወለዱ። (በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው በእርስ በርሱ ጦርነት ባርነትን ለማስጠበቅ ከተዋጋው ከደቡቡ ጦር ጋር የዘመቱ ሰው ነበሩ። ዌሪንግም ለብዙ ዓመታት በጥብቅና ከሠሩ በኋላ በ1942 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፌዴራል ዳኛ ሆነው ሲሾሙ ዕድሜያቸው 61 ነበር። እስከዚያ ድረስ ከከተማው ባላባቶች በአስተሳሰብ የሚለዩ ሰው አልነበሩም።

ልባቸውን የለወጠው የ1946ቱ ክስ ነው። ሳጅን አይዛክ ዉዳርድ የተባለ ጥቁር ወታደር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ የወታደር ልብሱን እንደ ለበሰ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ሲጓዝ፣ አንድ የፖሊስ አዛዥ በዱላ ደብድቦ ሁለት ዓይኖቹን አጠፋ። አዛዡ በዌሪንግ ችሎት ቀረበ። ይሁን እንጂ ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ዳኛው ሳይሆኑ ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች ነበሩ። ሁሉም ነጮች የሆኑት እነዚህ ፈራጆች ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይመክሩ አዛዡን በነጻ ለቀቁት። የዳኛው ባለቤት እያለቀሱ ወጡ፤ በገዛ ችሎታቸው ላይ የተፈጸመው ነገር ዌሪንግንም ዕረፍት ነሣቸው።

በ1947 ዓ.ም. ጥቁሮች በዴሞክራቲክ ፓርቲ የእጩዎች ምርጫ እንዳይካፈሉ መከልከላቸው ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። በዚያን ጊዜ በግዛቲቱ የዚህን ፓርቲ እጩነት ያገኘ ሰው ምርጫውን እንዳሸነፈ ይቆጠር ስለ ነበር፣ ፍርዱ ብዙዎችን አስቆጣ። ከመጀመሪያ ሚስታቸው ተፋትተው ሌላ በማግባታቸው ቀድሞውንም የተቀየሟቸው ወዳጆቻቸው አሁን ፈጽመው ራቋቸው። በ1950 ዓ.ም. ቤታቸው በድንጋይ ተደበደበ። ሆኖም የፌዴራል ዳኛ ሹመት የዕድሜ ልክ በመሆኑ ከወንበራቸው ሊያነሣቸው የቻለ አልነበረም።

በክላረንደን አውራጃ የሚኖሩ ጥቁር ወላጆች የልጆቻቸው ትምህርት ቤቶች ከነጮቹ ጋር እኩል እንዲሆኑ በከሰሱ ጊዜ፣ ዌሪንግ ጠበቃቸውን ተርጉድ ማርሻልን መለያየቱን ራሱን እንዲቃወሙ መከሯቸው። ዳኛ ተከራካሪን መምከሩ ተገቢ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይሳሳትም። በ1951 ዓ.ም. ጉዳዩን ካዩት ሦስት ዳኞች ሁለቱ መለያየቱን ሲያጸድቁ፣ ዌሪንግ ብቻቸውን ሕፃናትን በቀለም ለይቶ ማስተማር በራሱ እኩልነትን ማፍረስ መሆኑን ጻፉ። በ1954 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ዳኞች በሙሉ ድምፅ መለያየቱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲሉ ወሰኑ።

ዌሪንግ ግን በ1952 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ ሄደው ነበር። በ1968 ዓ.ም. ሲሞቱ አስከሬናቸው ወደ ቻርለስተን ተመልሶ ተቀበረ። ከቀባሪዎቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ነጮቹ ጥቂት ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. በከተማው የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በስማቸው ተሰየመ።