ድቦችን በካሜራ የተከተሉት ጃፓናዊ

ድብ በአገራችን ስለሌለ፥ አብዛኞቻችን የምናውቀው ዳዊት በእረኝነቱ ዘመን ከአንበሳ ጋር እንደ ገደለው ከመጽሐፍ ቅዱስ በማንበብ ነው። ይህንኑ አስፈሪ አውሬ ካሜራ ብቻ ይዘው በቅርብ ሲከተሉት የኖሩትን የሚስተር ሚቺዮ ሆሺኖን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ሚስተር ሆሺኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በጃፓን አገር በኢቺካዋ ከተማ ተወለዱ። ገና ወጣት ሳሉ ቶኪዮ ውስጥ በገዙት መጽሐፍ ሺሽማሬፍ የምትባለውን የአላስካ መንደር ከአየር የተነሣች ፎቶግራፍ አይተው ልባቸው ተሰረቀ። በመንደሩ የሚያውቁት ሰው ስላልነበራቸው ለሹሙ ብለው ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ የመጣላቸው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። በ1973 ሄደው ሦስት ወር ያህል ተቀመጡ። በማግሥቱ ዓመት አንድ የቅርብ ወዳጃቸው ተራራ ሲወጣ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ገደለው። በዚህ ኀዘን ምክንያት ዕድሜያቸውን ለሚወዱት ሥራ ለመስጠት ቈረጡ፤ በ1978ም ወደ አላስካ ተሻገሩ።

ድብ ደቦሎቿን የምትወልደው በብርዱ ወራት በዋሻዋ ተኝታ ሳለች ነው። ሲወለዱ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝኑት እነዚህ ደቦሎች ሁለትና ሦስት ዓመት እናታቸውን ይከተላሉ። ደቦል ያስከተለች ድብ ሰው ድንገት ከቀረባት ምሕረት የላትም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ሳይሸሸግ በግልጥ ተቀምጦ እስክትለምደው መታገሥ አለበት፤ ይህም ችኩል ሰው የሚችለው ሥራ አይደለም። ሚስተር ሆሺኖ ጠመንጃ የያዘ ሰው መጠንቀቅን ይዘነጋል ብለው ስለሚያምኑ መሣሪያ መያዝ አይወዱም ነበር። በ1985 ያሳተሙት ስለ ድብ የሚናገር የፎቶግራፍ መጽሐፍ ሽልማት አስገኘላቸው፤ በ1990ም በጃፓን ከፍ ያለ ክብር ያለውን የኪሙራ ኢሄይን ሽልማት ተቀበሉ።

በ1996 ለቴሌቪዥን ሥራ ወደ ሩሲያ፥ ወደ ካምቻትካ ሄደው በኩሪል ሐይቅ ዳር ሰፈሩ። ባልደረቦቻቸው በጎጆ ሲያድሩ እሳቸው ከውጭ በድንኳን ተኙ፤ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ በሚበዛበት ወራት ድብ ሰውን አይነካም ብለው ተማምነው ነበር። ግምታቸው ለዱር ድብ ከሆነ ስሕተት ነው አንልም። ነገር ግን በዚያ ስፍራ ይዞር የነበረው ድብ የሰው ምግብ የቀመሰ ነበር። ነሐሴ ወር በገባ በ8ኛው ቀን ሌሊት ከድንኳናቸው ጐትቶ ወሰዳቸው። ዕድሜያቸው 43 ዓመት ሲሆን፥ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበራቸው።